«ተው ያለ ሰው አልነበረም»

ጅጅጋ፣ ጥር 20 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ ለካልቱን፣

እንደምን ሰንብተሻል? የደወሌ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነበተ፤ የፈተና እርማት ይዞኝ መልሱን አዘገየሁብሽና አትቀየሚኝ።

«እውነት ሊሠሩት ነው?» ላልሽው፣ ሠርተው ጨርሰዋል። የድሮው የመምህራን ማረፊያ ታድሶ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ የመታሰቢያ አዳራሽ ሆኗል። በየዓመቱ መጋቢት ላይ አንቺ ከደወሌ እየመጣሽ፣ እኔ ልጆቹን ዛፍ ሥር እየሰበሰብኩ የሟቾቻችንን ታሪክ የምናስተምረውን ሥራ አሁን መንግሥት ወስዶታል። ከሌሎች ትምህርት ቤቶችም ልጆች እየመጡ ይማሩበታል አሉ። እኔማ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኛ ስንሞት ማን ይነግራቸዋል እያልኩ ስጨነቅ ነበር።

ለምርቃቱ የምናገረውን ጽፌአለሁ። ያኔ እኔ ሐረር ኮርስ ላይ ነበርኩ፤ ከመምህራኑ ቤት በረንዳ ላይ ሆነሽ በዓይንሽ ያየሽው አንቺ ነሽ። ስሕተት ካለው አርሚኝ። እንዲህ ይላል፦

«በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ፣ ጦሩ ከተማውን መልሶ በያዘ ሰሞን አንድ የመቶ አለቃ ወታደሮች አስከትሎ ግቢያችን ገባ። መምህራኑን አሰልፎ፣ ሶማሌ የሆነ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ይቁም አለ። ሦስት ሰዎች በግራ ቆሙ፤ አንዱ የካልቱን ባለቤት ማሃሙድ ነበር። ወንድሜ መምህር የጌታሁን በቀኝ ከቆመበት ወጥቶ ሜዳውን አቋረጠና ከማሃሙድ ጎን ቆመ። የመቶ አለቃው ‹አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?› ቢለው ‹እኔም የዚህ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ› አለ። አራቱንም ወሰዷቸው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ዐፅማቸው ከአንድ ጉድጓድ ሲወጣ የማን የማን እንደሆነ መለየት ስላልተቻለ፣ ቄሱም ሼኹም ባሉበት በአንድ መቃብር አሳረፍናቸው።»

ልጅሽ ዐብዲረዛቅ የአዳራሹ ኮሚቴ ጸሐፊ መሆኑን ሳትሰሚ አልቀረሽም። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር። እኔ ቤት አድጎ፣ እኔ ቤት ሆኖ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ፣ እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሞ አናገረኝ። ከስቷል። ምን ሆነሃል ብዬ ብጠይቀው ሥራ በዛብኝ አለ። ለምርቃቱ ስትመጪ አብረን እንቆጣዋለን። መኝታሽን አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ።

እህትሽ ወለተሐና


ደወሌ፣ የካቲት 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

አባዮ፣ እህቴ ወለተሐና፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ሙቀቱ ያው ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እምቢ ብሎኛል። ባቡር ላይ መውጣት አልችልም። ስለዚህ ዘንድሮ አልመጣም። መኝታ አዘጋጅቻለሁ ማለትሽን ሳነብ አፈርኩ።

ስለ ንግግሩ ጠይቀሽኛል። ንግግር ለምን ያስፈልጋል? ባለሥልጣን ብዙ ይናገራል፤ አንቺ ምን አደከመሽ። እኔ ብሆን ቤቴ እቀመጥ ነበር። ሕዝብ ይበዛል፣ ፀሐይ አለ፣ አንቺም ደም ግፊት አለብሽ።

ዐብዲረዛቅን አትቆጪው። ልጅ ነው። እሱን አደራ።

ሻሽና ትንሽ ቴምር ልኬልሻለሁ። ልጅሽን ሶሲናን ሳሚልኝ። አፍደም ጤና ጣቢያ ሥራ ገባች ያልሽኝ እውነት ከሆነ አላህ ይባርክላት።

ካልቱን


ጅጅጋ፣ መጋቢት 21 ቀን 1992 ዓ.ም.

ካልቱን፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን ጉልበትሽን እንዳላመመሽ አሁን አውቃለሁ።

ቤትሽ ተቀመጪ ብለሽኝ ነበር። አልተቀመጥኩም። የላክሽልኝን ሻሽ አስሬ፣ ንግግሬን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ከኋላ አስቀመጡኝ። ምናልባት ሲደርስ ይጠሩኛል ብዬ መነጽሬን ደጋግሜ ጠረግሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ተናገረ፣ ሌላም ተናገረ። ከዚያ ዐብዲረዛቅ ጠረጴዛ ላይ ወደተቀመጠው ቴሌቪዥን ሄዶ ካሴት ከተተ።

አንቺ መጣሽ። ደስ ብሎኝ አጠገቤ ያለችውን መምህርት ኻድራን በክርኔ ነካኋት፤ መምጣት ባትችል እንኳ ድምጿን ልካለች አልኳት። ኻድራ መሬት መሬት ታያለች። በኋላ እንደተረዳሁት እሷ አስቀድማ ሰምታዋለች።

«ወታደሮቹ የእኛን ሰዎች ለይተው ወሰዱ» አልሽ። ቀጥለሽ፣ «ከሌሎቹ መምህራን አንድም ተው ያለ ሰው አልነበረም» አልሽ።

ድምፁ በድምፅ ማጉያ ስለነበር በውጭ ያሉትም ሰምተዋል። ልጆቹ አጨበጨቡ። ማጨብጨብ ያለባቸው መስሏቸው ነው፤ በእነሱ አልፈርድም። እኔ የጆሮዬ ስሕተት ነው ብዬ ኻድራን ብጠይቃት፣ «እትዬ፣ እንውጣ» አለችኝ።

አልወጣሁም። ሰዉ ሲበተን ግድግዳውን አየሁት። መቃብሩ ውስጥ አራት ሰው አለ፤ ግድግዳው ላይ ሦስት ስም ተጽፏል። ዐብዲረዛቅ ሽቦ እየጠቀለለ ነበር። ይህ ሲቀረጽ አንተ እዚያ ነበርክ ወይ አልኩት። «ነበርኩ» አለኝ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። 

በየዓመቱ ዛፉ ሥር ቆመሽ ለልጆች የምትነግሪውን እኔ ከኋላ ሆኜ እሰማሽ ነበር። በደም ብንለያይ በእነዚያ ሁለት ሰዎች እኅትማማች ሆነናል እያልኩ እኖር ነበር። ሰው ቢያስገድደኝ እንኳ የማሃሙድን ስም ከታሪኩ አልሰርዝም ነበር ልልሽ ፈለግሁ፤ ግን ያልተፈተንኩበትን አልምልም።

ለምን? ይህችን ብቻ መልሺልኝ።

ወለተሐና


ደወሌ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1992 ዓ.ም.

አባዮ፣

ሰላምታዬን ባትቀበዪውም ልኬዋለሁ።

ለምን ላልሽው እነግርሻለሁ።

ባለፈው ዓመት ዐብዲረዛቅ ሥልጠና ሄዷል ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ሥልጠና አልነበረም። ደገሀቡር ታስሮ ነበር። ከአማፅያን ጋር ተገናኝተሃል አሉት። ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ፣ ላንቺም አልተናገርኩም። ሲፈታ የኮሚቴውን ሥራ ሰጡት። ሰው ሥራ አገኘ አለ። ሥራ አልነበረም፤ አንገቱ ላይ ያለ ገመድ ነው።

ካሜራ የያዙት ሰዎች ሳይመጡ እሱ ቀድሞ ብቻውን መጣ። ሻይ አፈላሁለት፣ አልጠጣም። «ሆዮ፣ ስለ ጋሼ የጌታሁን እንዳታነሺ» አለኝ። እናቱን እንደዚህ ብሎ የሚለምን ልጅ ከየት መጣ አልኩ። ሰብሳቢው፣ ይህ የእኛ ታሪክ ነው፣ ከእነሱ አንድ ደግ ሰው ካስገባንበት ልጆቹ ግራ ይጋባሉ ብሎታል። እኔም እምቢ አልኩት። የጌታሁን ያን ቀን አልፈራም፣ እኔም አልፈራም አልኩት። ልጄ ሸሚዙን አወለቀና ጀርባውን አሳየኝ።

ያየሁትን አልጽፍልሽም።

ካሜራው ሲበራ ያሰብኩት ዝም ለማለት ነበር። ወላሂ፣ ዝም ብቻ። ሰብሳቢው ግን፣ ከሌሎቹ መምህራን ተው ያለ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ ከኋላው ቆሟል። ፊቱን አየሁት። ከዚያ ያንቺ ጆሮ የሰማውን ተናገርኩ።

የሞተውን ሰጥቼ በሕይወት ያለውን አስቀረሁ። እናት ነሽ። የጌታሁን ይቅር ይለኛል፣ እሱን አውቀዋለሁ። አንቺን ነው የማላውቀው።

ካልቱን


አፍደም፣ ኅዳር 14 ቀን 1993 ዓ.ም.

ካልቱን፣

ሶሲና ዘንድ ለምን እንደመጣሁ፣ ጅጅጋን ለምን እንደለቀቅሁ ሰዎች ጠየቁኝ ብለሽ በባቡር ሠራተኛው በሱጉሌ በኩል ልከሽብኛል። መልሱን ከሰዎች ሳይሆን ከእኔ ስሚው።

የልጅሽን ጀርባ አንብቤ አለቅሳለሁ። የእኔም ልጅ ነበር። ያኔውኑ ብትነግሪኝ ኖሮ ደገሀቡር ድረስ ስንቅ ይዤ በሄድኩ። ግን የጌታሁን ይቅር ይለኛል ያልሽውን ደግመሽ አትጻፊ። በእሱ ስም መመስከሩን እምቢ ብለሽ፣ በእሱ ስም ይቅርታ አትቀበዪ።

በመስከረም ትምህርት እንደተከፈተ የአምስተኛ ክፍል ልጆችን አዳራሹን እንዲያዩ ወሰዷቸው። ካሴትሽን አሳዩአቸው። አንዲት ልጅ፣ ሌሎቹ ተው ካላሉ ታዲያ ማን ጠቆማቸው ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው ወጣት ነው፤ ያን ዘመን አያውቀውም። አንድ የጌታሁን የሚባል መምህር ነበር፣ ከዚያ ቀን በኋላ አልታየም ይባላል አላቸው። በቃ። ክፋትም ላይኖረው ይችላል። ባዶ ቦታ ትተሽ ሄድሽ፤ ሰው ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፣ ባገኘው ይሞላዋል።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህርት፣ የጠቋሚው እህት ነዎት ይላሉ፣ እውነት ነው?» አለኝ። አልተሳደበም። በትሕትና ነው የጠየቀኝ፤ እኔ ራሴ ያልገባችሁን ጠይቁ እያልኩ ያስተማርኩት ልጅ ነው። እውነት አይደለም አልኩት። «ታዲያ እንዴት ነው?» አለ። አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ምክንያቱም ያን ቀን እኔ አልነበርኩም። የማውቀው ሁሉ ካንቺ አፍ የወጣ ነው፣ ያንቺን አፍ ደግሞ ልጆቹ በቴሌቪዥን አይተውታል።

ሳምንት ሳይሞላ ወላጆች ልጆቻቸውን ከክፍሌ ማስወጣት ጀመሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለእነዚህ ልጆችና ለወላጆቻቸው ያስተማርኳቸው አንድ ነገር ነው፤ ሰውን በግራና በቀኝ አትለዩ የሚል። አሁን በእኛ ሟቾች ስም የተሠራው አዳራሽ እንዴት እንደሚለይ ያስተምራቸዋል።

ከሁሉ የሚብሰውን ልንገርሽ። ሌሊት ሌሊት ራሴን የምጠይቀው፣ ምናልባት የመጀመሪያው ቢሆንስ ውሸቱ እያልኩ ነው። ወንድሟ ለሞተባት ልጅ አዝነሽ፣ ተሻግሮ ቆመ ብለሽ አጽናንተሽኝ ቢሆንስ? ምናልባት የጌታሁን በቀኝ እንደቆመ በሌላ ቀን፣ በሌላ ምክንያት ሞቶ ይሆን? ዐፅሙን እንደሆነ የለየው የለም። ይህን ሳስብ ወንድሜን እንደገና የገደሉት ይመስለኛል፤ በዚህኛው ጊዜ ግን የመቶ አለቃው አልነበረም።

የቱ ነው እውነቱ?

ወለተሐና


ጅጅጋ፣ መጋቢት 25 ቀን 1993 ዓ.ም.

አባዮ፣

ከጅጅጋ ነው የምጽፍልሽ። ኻድራ ቤት ነኝ።

ብዙ ወር ዝም አልኩሽ። የቱ ነው እውነቱ ብለሽ ጠይቀሽኝ በደብዳቤ ልመልስልሽ አልቻልኩም። በደብዳቤ ብመልስ የምታነቢው አንቺ ብቻ ነሽ። የተበላሸው ግን ልጆቹ ጋ ነው።

ለመታሰቢያው ቀን መጣሁ። ለዐብዲረዛቅ አልነገርኩትም። ሰብሳቢው ሲያየኝ ደስ አለው፣ ከፊት አስቀመጠኝ፣ ማይክራፎኑንም ራሱ ሰጠኝ። ልጆቹ በደንብ እንዲሰሙኝ በሶማልኛ ተናገርኩ። ማሃሙድ በግራ ቆመ አልኩ። የጌታሁን በቀኝ ቆሞ ነበር፣ ሜዳውን አቋርጦ መጣ አልኩ።

አሁን ላንቺም ነግሬሽ የማላውቀውን ስሚ። የጌታሁን ሲመጣ ማሃሙድ ገፋው። ደረቱን በሁለት እጁ ገፍቶ «ሂድ፣ እናት አለችህ» አለው። የመቶ አለቃውም ተመለስ ብሎት ነበር፣ አንዴ አይደለም። ወንድምሽ መመለስ ይችል ነበር። ሁሉም መንገድ ሰጥተውት ነበር። እሱ ግን ማሃሙድ የገፋውን ቦታ ተመልሶ ያዘ። ይህንን ደብቄሽ ነበር። መመለስ እየቻለ ቀረ ብዬ ብነግርሽ በማሃሙድ ታዝኚያለሽ፣ በእኛ ታዝኚያለሽ ብዬ ነው። ወጣት ነበርሽ፣ እናትሽም ታማ ነበር።

ይህን ስናገር ሰብሳቢው፣ እናታችን ደክመዋል፣ ይቀመጡ አለ። ኻድራ ተነሥታ፣ ይጨርሱ አለች። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ጠፋ። ማን እንዳጠፋው አላውቅም። እኔ ግን ገበያ ውስጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ፣ ድምፅ አላጣም። ልጆቹ ወንበራቸውን ትተው ቀረቡኝ።

አንዲት ልጅ፣ «አያቴ፣ ቪዲዮው ላይ እንዲህ አላሉም፤ የቱን እንመን?» አለችኝ። ያንቺ ጥያቄ ነው። አንቺ የላክሻት መሰለኝ። «ያኔ የተናገርኩት ስለፈራሁ ነው። ዛሬም እየፈራሁ ነው የምናገረው። የቱን እንደምታምኑ እናንተ ፍረዱ» አልኳት። ልጅቷ አላጨበጨበችም። ማንም አላጨበጨበም።

ዐብዲረዛቅ በሩ አጠገብ ነበር። ሲወጣ ጀርባውን አየሁት። ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። ቤቱ ተቆልፏል። ጅቡቲ ተሻገረ የሚል አለ፣ ያዙት የሚል አለ። ደወሌ ሰው ልኬ ነበር፣ እዚያም አልደረሰም። አዳራሹ ለጥገና ተዘግቷል ብለው በሩ ላይ ለጥፈዋል።

ስለዚህ እውነቱ የመጀመሪያው ነው። ዋጋው ይኸው። ልጄን ለማዳን የተናገርኩትን ልጄን ሰጥቼ መለስኩት። ምን እንደምልሽ አላውቅም።

ካልቱን


አፍደም፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ዓ.ም.

ካልቱን፣

ሰላምታ አልጽፍም ብዬ ነበር፤ ግን ልጇ ለጠፋባት እናት ሰላምታ አይነፈግም። እንዴት ነሽ?

የመጨረሻ ደብዳቤሽን አነበብኩት። አመንኩሽ። ያመንኩሽ ስላዘንኩልሽ አይደለም፣ ማሃሙድ ገፋው ስላልሽ ነው። ማሃሙድን አውቀዋለሁ፣ ይገፋዋል። እስከዛሬ ወንድሜ በድንገት፣ ሳያስብ የተሻገረ ይመስለኝ ነበር። ሂድ እየተባለ እንደቆመ አሁን ገና አወቅሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ለእኔ አዝነሽ ደበቅሽኝ። ለእኔ ማዘንሽን አልወደድኩትም። ሙሉውን ብትሰጪኝ ኖሮ፣ ሌላው ወሬ ሲመጣ እንዲያ በቀላሉ አልናወጥም ነበር።

ኻድራ ጽፋልኛለች። አዳራሹ እንደተዘጋ ነው። ልጆቹ ግን በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ጨዋታ አድርገውታል አለች፤ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ አልሄድም ይላል። የጌታሁን የምሆነው እኔ ነኝ እያሉ ይጣላሉ አለችኝ። አንብቤ ሳቅሁ፣ ከዚያ ሶሲና እስክትደነግጥ አለቀስኩ።

አሁን ያዘገየሁትን ልንገርሽ። ቀድሜ ያልጻፍኩት ደብዳቤ በመንገድ ይከፈታል ብዬ ፈርቼ ነው። ይህንን ባቡር ላይ የሚሠራው ሱጉሌ በእጁ ይሰጥሻል፤ አንብበሽ ቅደጂው።

ዐብዲረዛቅ እኔ ዘንድ ነው። ደህና ነው።

የመጣው በገበያ ቀን ነው። ከገበያ ስመለስ የግቢው በር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ማንም እዚህ መጥቶ አይፈልገኝም ብሎ አስቦ ነው፤ እኔን ከበደለ በኋላ እኔ ዘንድ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? «እትዬ፣ ሌላ የማውቀው ቤት የለኝም» አለኝ። ቆሜ አየሁት። የታየኝ ያን ቀን ካሴቱን ሲከትት የነበረው እጁ ነው።  ግባ አላልኩትም። ከበሩ ዘወር አልኩለት፣ ገባ።

 በሦስተኛው ቀን ውሃ ሲቀዳልኝ ሸሚዙ ሽቅብ ተሰበሰበና ያልጻፍሽልኝን አየሁት። ሶሲና መድኃኒት ታደርግለታለች። አሮጌ ቁስል ነው፣ አሁንም ያመዋል።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች ከባቡር ወርደው በየቤቱ እየጠየቁ መጡ። ከጅጅጋ የመጣ ሰው አለ ወይ አሉኝ። ልጅሽ ጓዳ ነበር። የወንድሜ ልጅ ነው ያለው አልኳቸው። አንደኛው፣ የወንድምሽ ስም ማን ነው አለኝ።

«የጌታሁን» አልኩት።

ሰውየው ስሙን በአፉ ደገመው። ያወቀው ይሁን አይሁን አላውቅም። አመሰገኑኝና ሄዱ። ከሄዱ በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ዐብዲረዛቅ ከጓዳ ወጥቶ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋሼ የጌታሁንን ከግድግዳው ላይ የሰረዝኩት በገዛ እጄ ነው አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። 

ለዚህ ብለሽ እንዳታመሰግኚኝ። ያደረግሁት ለአንቺ አይደለም። አንቺ በልጆቹ ፊት ቆመሽ የወንድሜን ስም መለስሽ፤ ለልጆቹ መለስሽላቸው። በእኔና ባንቺ መካከል የነበረውን ግን ከየት አምጥተሽ እንደምትመልሺው አላውቅም። ያን ቀን በድምፅ ማጉያ የሰማሁት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰዎች ስለ አንቺ ክፉ ሲናገሩ እቆጣለሁ፣ ብቻዬን ስሆን ደግሞ ራሴ እናገራለሁ። አንድ ቀን ይለቀኝ ይሆናል። ዛሬ አልለቀቀኝም።

መንገዱ ጸጥ ሲል ሱጉሌ ያሳፍርሻል። መጥተሽ ልጅሽን እዪው። በሩ አይዘጋብሽም፣ ምሳም ይኖራል። እኔን ልታዪ እንደመጣሽ ግን አትንገሪኝ።

ወለተሐና